የአይጥ ምስክሯ ማን ነው?

ከአይጥ ወገን ሁሉ በዓለም ላይ በሰፊው የተሠራጨው ቡናማው አይጠ መጎጥ በሳይንስ መዝገብ ስሙ ራቱስ ኖርቬጊኩስ ነው፤ ትርጓሜውም «የኖርዌይ አይጥ» ማለት ይሆናል። ስሙን በ1769 ያወጣለት ጆን በርከንሃውት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። እርሱም አይጡ ወደ እንግሊዝ አገር የገባው ከኖርዌይ በመጡ መርከቦች ነው ብሎ ያምን ነበር። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ይህ አይጥ በኖርዌይ ገና አልገባም ነበር ይባላል። በዚያው በእንግሊዝ ደግሞ ከጀርመን አገር ከሐኖቨር የመጣውን ንጉሣዊ ቤተ ሰብ የማይወዱ ሰዎች ይህንኑ አይጥ «የሐኖቨር አይጥ» ይሉት ነበር፤ ንጉሡና አይጡ በአንድ መርከብ መጡ ለማለት ነው። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ኖርዌይ ባልዋለችበት ተከሰሰች፤ ክሱም በላቲን ቋንቋ ተጽፎ እስከ ዛሬ ድረስ አልተፋቀም፤ የሳይንስ ስም አንድ ጊዜ በደንቡ ከወጣ በኋላ ትርጓሜው ስሕተት ነው ተብሎ አይለወጥምና።

አይጥ ከየት እንደ መጣ መመርመር ምን ይጠቅማል የሚል ጓደኛ አይጠፋም። በተለይም ሌሊት ከመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ሩጫቸውን የሚሰማ ተማሪ የሚያሳስበው መምጫቸው ሳይሆን መሄጃቸው ነው። እኛ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች የተሳሰሩ ናቸው እንላለን፤ መምጫው ያልታወቀውን አይጥ ለማስወጣት መሞከር ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም በከንቱ ያስፈሳል። ይህንንም ወደ ኋላ በአንዲት የፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴት ላይ በደረሰው ነገር እናሳያለን። አስቀድመን ግን ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድና እስከ አሁን ምን እንዳስገኘ መግለጽ ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የአይጥን ታሪክ መጻፍ ከሰው ታሪክ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። የመርከብ ጸሐፊ የጫነውን ጨርቅና ቅመም፣ ጨውና እህል አንድ በአንድ ይመዘግባል፤ በእህሉ መካከል ተደብቆ የገባውን አይጥ ግን አይመዘግበውም። የጉምሩክ ሹምም ቀረጥ አይጠይቅበትም። አጥንቱ ትንሽና ተሰባሪ ስለሆነ ጥንታዊ ፍርስራሽ የሚቆፍሩ ሰዎች አፈሩን በወንፊት ካልነፉት ሳያዩት ያልፋሉ። «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ግን አይጧ ሌላ ምስክር አግኝታለች፤ ይኸውም በገዛ ሥጋዋ ውስጥ ያለው የዘር ጽሑፍ፣ ዲ ኤን ኤ የሚባለው ነው።

በግዕዝ የብራና መጻሕፍት ላይ የሚሠሩ ጓደኞቻችን ነገሩን ከእኛ ከሥነ ሕይወት ተማሪዎች ይልቅ ፈጥነው የሚረዱት ይመስለናል። አንድ ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አንዲት ቃል ዘለለ እንበል። ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጠው ሁለተኛው ጸሐፊ ያችኑ ቃል ሳያውቅ ይዘልላል፤ የራሱንም አንድ ስሕተት ይጨምራል። ሦስተኛው የሁለቱን ስሕተት ይወርሳል። ከብዙ ዘመን በኋላ በልዩ ልዩ ገዳማት ያሉትን ቅጂዎች ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚያነብ ሊቅ አንድ ዓይነት ስሕተት የሚጋሩትን በአንድ ወገን ያስቀምጣል፤ እነዚያ ከአንድ አባት መጽሐፍ የተወለዱ ናቸውና። የትኛው ገዳም ከየትኛው እንዳስገለበጠ የሚናገር ደብዳቤ ባይኖር እንኳ ስሕተቱ ራሱ ይናገራል።

ዲ ኤን ኤም እንዲሁ በአራት ፊደላት የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይለወጣል። ለውጡ እንስሳውን ካልጎዳው ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። ሊቃውንት በመጀመሪያ የተጠቀሙት በሕዋስ ውስጥ ሚቶኮንድሪያ በሚባለው ክፍል ያለውን አጭር ጽሑፍ ነው፤ በአይጠ መጎጥ 16,300 ፊደላት ያህል ይሆናል። ይህ ክፍል የሚወረሰው ከእናት ብቻ ስለሆነ አይቀላቀልም፤ ከአንድ መጽሐፍ ብቻ እንደሚገለበጥ ዳዊት ማለት ነው። ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ የእናትን እናት እናት እያለ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ስለ አባቶች አንዳች አይነግረንም። በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ያለው ትልቁ ጽሑፍ ደግሞ ከአባትና ከእናት እየተቀላቀለ የሚመጣ ነው። ሁለት መጻሕፍት ከፊቱ ዘርግቶ አንዱን መዝሙር ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ የሚገለብጥ ጸሐፊ እንደሚያዘጋጀው ቅጂ ስለሚሆን ንባቡ ይከብዳል፤ ነገር ግን የሚናገረው ይበዛል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚታይ ሌላ ምልክት አለ፤ እርሱም የመልክ ብዛትና ማነስ ነው። ከአንድ ኩንታል ሰርገኛ ጤፍ በሁለት ጣት ቆንጥረን ብናነሣ ከቆነጠርናት ውስጥ ነጩ በዝቶ ቀዩ አንሶ፣ ወይም ጨርሶ አንዱ ጠፍቶ ልናገኝ እንችላለን። ከመርከብ ወርደው አዲስ አገር የሚይዙት ጥቂት አይጦች እንደዚያች ቁንጥር ናቸው። ስለዚህ አንድ የአይጥ ወገን ከጥንት አገሩ እየራቀ በሄደ ቁጥር በዘሩ ውስጥ የሚገኘው ልዩነት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ልዩነቱ የበዛበት ቦታ ብዙ ጊዜ የትውልድ አገሩ ነው። «ብዙ ጊዜ» ያልነው በምክንያት ነው። ከአራት ማዕዘን መርከብ የሚያራግፍ ትልቅ ወደብም የአራት አገር አይጥ ተቀላቅሎበት ልዩነቱ ሊበዛ ይችላልና፤ በጥድፊያ የሚፈርድ ሰው ገበያውን እርሻ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል።

አሁን ወደ ተከሰሰችው ኖርዌይ እንመለስ። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ከልዩ ልዩ አህጉራት የተያዙ ቡናማ አይጠ መጎጦችን በዘር ጽሑፋቸው ውስጥ በ32,000 ያህል ነጥቦች ላይ አነጻጽሮ ነበር። የዚህ እንስሳ የጥንት አገሩ ሰሜን ቻይናና ሞንጎልያ ነው። ከዚያም የተነሡ አምስት የስደት መንገዶችና አሥራ ሦስት ወገኖች ተለይተው ታወቁ። አንዱ መንገድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ወረደ። ሌላው ከሩሲያ ተነሥቶ በአላስካ አጠገብ ወዳሉት ወደ አሌውሽያን ደሴቶች ተሻገረ፤ ሌላ ደግሞ ለብቻው ወደ ሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ደረሰ። ወደ ምዕራብ የሄደው ግን አውሮፓን ያዘ፤ በታሪክ እንደሚታወቀውም አውሮፓ የደረሰው ከ1500ዎቹ ዓመታት ወዲህ ነው። ከዚያም በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ አፍሪካ፣ ወደ ሁለቱ አሜሪካዎች፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒው ዚላንድ ተበተነ። የቅኝ ገዥዎችን የመርከብ መሥመር የሚያሳይ ካርታና የዚህን አይጥ የዘር ካርታ ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው አንዱ የሌላው ጥላ ይመስላል። አይጡ የባንዲራ ልዩነት አያውቅም፤ ነገር ግን ማን የት ወደብ ያዘ፣ ከማን ጋርስ ይነግድ ነበር የሚለውን ነገር ሳይፈልግ መዝግቦ አቆይቷል።

በዚያው ጥናት እኛን ከሁሉ ያስገረመን ሌላ ነገር ነው። በየከተማው ከተያዙት አይጦች መካከል በቅርብ ጊዜ ከሌላ ቦታ የመጡ ሆነው የተገኙት እጅግ ጥቂት ናቸው። በትልልቅ ወደቦች በየቀኑ መርከብ ይገባል፤ በየመርከቡም አይጥ ሊኖር ይችላል። ታዲያ እነዚያ መጤዎች የት ይገባሉ? ዘራቸው ከከተማው አይጥ ዘር ጋር ብዙ ሲቀላቀል አልታየም። ቀድሞ የሰፈረው ጉድጓዱን፣ ምግቡንና እንስቶቹን ይዞ ስለሚጠብቅ እንግዳው ሥር ሳይሰድ ይቀራል ብሎ መገመት ይቻላል። ከዚህ ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። አንደኛው፣ ከሁለትና ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የመጣው የመጀመሪያው አይጥ ምልክት በኋለኞቹ ተደምስሶ ስላልጠፋ ዛሬም ሊነበብ መቻሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አይጥ ፈጽሞ የጸዳ ቦታ ጠባቂ እንደሌለው ቤት መሆኑ ነው፤ አንዲት እርጉዝ አይጥ ብትገባ የሚከለክላት የለም። ይህን ሁለተኛውን ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

ጥቁሩ አይጠ መጎጥ ከቡናማው እጅግ ቀድሞ የተሰደደ ነው። በ2011 የወጣ ጥናት በዚህ ስም ከሚጠሩት የእስያ አይጦች መካከል ስድስት የዘር ሐረጎች መኖራቸውን ያሳየ ሲሆን፣ በዓለም ወደቦች ሁሉ የተበተነው ከሕንድ አገር የወጣው ሐረግ ነው። በአገራችን ቤቶችና ጎተራዎች የሚገኘው ጥቁር አይጠ መጎጥም ከውጭ የገባ እንጂ የአፍሪካ ተወላጅ አይደለም። ፍልፈል ግን የአገሩ ልጅ ስለሆነ ከእርሱ ጋር በአንድ መዝገብ እንዳይጻፍ እናሳስባለን። ወደ አውሮፓ ስለ ገባው ጥቁር አይጠ መጎጥ በ2022 የታተመ ጥናት በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካ ከጥንታዊ ፍርስራሾች የተገኙ፣ ከመጀመሪያው እስከ አሥራ ሰባተኛው ምእተ ዓመት የሚደርሱ አጥንቶችን ወስዶ የ67 ጥንታዊ አይጦችን የሚቶኮንድሪያ ጽሑፍ አነበበ። ውጤቱም አይጡ ከደቡብ ምዕራብ እስያ በኩል ወደ ሜዲትራንያን እንደ ገባ አረጋገጠ። ከዚህም በላይ በስድስተኛውና በአሥረኛው ምእተ ዓመት መካከል በመካከለኛውና በሰሜኑ አውሮፓ የነበረው የሮማውያን ዘመን አይጥ በሌላ የአይጥ ወገን ተተክቶ ተገኘ። ይህም ማለት አይጡ በሮም መንግሥት ዘመን ከእህል ጭነት ጋር ገባ፤ መንግሥቱ ሲፈርስ፣ ጎተራውና መንገዱ ሲጠፋ ከብዙ ቦታ ጠፋ፤ ንግድ ሲያንሰራራ እንደገና ሌላ ገባ ማለት ነው። ለመጥፋቱ የመንግሥቱ መፍረስ ብቻ ሳይሆን በ541 የጀመረው ታላቁ ወረርሽኝና በዚያ ዘመን የነበረው ብርድ ምክንያት ሊሆኑ እንደሚችሉ ተመራማሪዎቹ ገልጸዋል፤ ከሦስቱ አንዱን መርጠው አልፈረዱም። እኛም ይህን ጥንቃቄ እናደንቃለን።

ስለ ትንሿ የቤት አይጥ ብዙ አንልም። ከስካንዲናቪያ የወጡት ቫይኪንጎች አይጥን ወደ አይስላንድና ወደ ግሪንላንድ ይዘው እንደ ሄዱ በ2012 የወጣ የዘር ምርመራ አሳይቷል። በግሪንላንድ የነበረው ሰፈራ ከጠፋ በኋላ የነርሱ አይጥም ጠፍቶ ዛሬ በቦታው ያለው ከዴንማርክ የመጣ ነው። ባለቤቱ ሲሰደድ ቤቱም አይጡም አብረው አለቁ።

የፓሲፊክ አይጥ ታሪክ ግን በስፋት ሊተረክ ይገባዋል። የሳይንስ ስሙ ራቱስ ኤክሱላንስ ነው፤ «ተሰዳጁ አይጥ» እንደማለት ስለሆነ ከኖርዌዩ ይልቅ ይህኛው ስሙን አግኝቷል። ማኦሪዎች ኪዮሬ ይሉታል። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጀምሮ እስከ ኒው ዚላንድ፣ እስከ ሃዋይና እስከ ፋሲካ ደሴት ድረስ ይገኛል። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ባሕር በዋና ሊሻገር አይችልም። ስለዚህ ይህ አይጥ በደረሰበት ደሴት ሁሉ አስቀድሞ ታንኳ ደርሷል ማለት ነው፤ ሰዎቹ ለምግብ ብለው ይዘውት ሄደው ይሁን ወይም በስንቁ መካከል ተደብቆ ይሁን ለውጥ አያመጣም። የፖሊኔዥያ ሰዎች ከየት ተነሥተው በየት በኩል እንደ ሄዱ የሚገልጽ የጥንት ጽሑፍ የለም። የሰዎቹን ዘር ብንመረምር ደግሞ ከአውሮፓውያን ጋር ብዙ ስለ ተቀላቀለ ንባቡ ይደበዝዛል። አይጡ ግን በኋላ በአውሮፓ መርከብ ከመጡት ከጥቁሩም ሆነ ከቡናማው ጋር አይዋለድም፤ የራሱን ጽሑፍ ሳይበረዝ ይዞ ቆይቷል።

ይህን ያስተዋለችው ሊዛ ማቲሱ ስሚዝ የምትባል የሰው ጥናት ሊቅ ከባልደረቦችዋ ጋር በ1998 የፖሊኔዥያ ደሴቶችን አይጦች የሚቶኮንድሪያ ጽሑፍ አነጻጽራ አሳተመች። በ2004 ደግሞ ጥናቱ ወደ ምዕራብ ሰፍቶ እስከ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሲደርስ ሦስት የተለዩ የዘር ሐረጎች ታዩ፤ በሩቁ ፓሲፊክ ያሉት ደሴቶች የያዙት ሐረግ ለብቻው ነው። ከዚያ በፊት የፖሊኔዥያ ሰዎች አባቶች ከእስያ ተነሥተው መንገድ ላይ ሳይቆሙ እንደ ፈጣን ባቡር ወደ ምሥራቅ ሄዱ የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። የአይጡ ምስክርነት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልነበረና ጉዞው አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ እንዳልሆነ አመለከተ።

እዚህ ላይ የዘር ምርመራ ወሰኑ የት እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ክርክር እንጥቀስ። በ1996 በኒው ዚላንድ የተገኙ የኪዮሬ አጥንቶች በካርቦን ሲለኩ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው ተባለ። ይህ እውነት ከሆነ ሰዎች ወደዚያች አገር የደረሱት ከታሰበው ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ነበር ማለት ነው፤ የአንድ ሕዝብ ታሪክ በአይጥ አጥንት ላይ ተንጠለጠለ። የዘር ጽሑፉ ኪዮሬ ከፖሊኔዥያ እንደ መጣ ይናገራል፤ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ መጣ ግን በዚህ ጥራት ሊናገር አይችልም። ክርክሩን ያበረደው ከሌላ ቦታ የመጣ ማስረጃ ነው። በ2008 የታተመ ጥናት አይጥ የቆረጠማቸውንና የጥርሱ ምልክት የታተመባቸውን ያረጁ የዛፍ ፍሬዎች ሰብስቦ ዕድሜያቸውን ሲለካ ከ1280 ገደማ የሚቀድም አንድም አልተገኘም። «ከየት» የሚለውን ዲ ኤን ኤ፣ «መቼ» የሚለውን ደግሞ የተቆረጠመ ፍሬ መለሰ።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ አለፈ ዘመን ነው። አሁን ደግሞ ሕይወት የተንጠለጠለበትን ጉዳይ እናንሣ። አይጥ በሌለባቸው ደሴቶች የኖሩ ወፎች ከመሬት ላይ ወይም ከጉድጓድ ውስጥ እንቁላል መጣል ለምደዋል፤ ከአንዳንዶቹም መብረርን የተዉ አሉ። አይጥ ሲገባባቸው መከላከያ የላቸውም። ስለዚህ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በመቶ በሚቆጠሩ ደሴቶች ላይ አይጥን ፈጽሞ የማጥፋት ዘመቻ ተካሂዷል። በዚህ ሥራ ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ ማለት ዜሮ ነው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከተረፉ ሁሉም እንደገና ይጀመራልና።

አንድ አይጥ ብቻዋን ምን ልታደርግ እንደምትችል በ2004 በኒው ዚላንድ በተደረገ ሙከራ ታይቷል። ተመራማሪዎች አንድ ወንድ ቡናማ አይጠ መጎጥ ከያዙ በኋላ የዘሩን ናሙና ወስደው፣ ራዲዮ ማሠሪያ አንገቱ ላይ አድርገው፣ አይጥ በሌለባት ሞቱሆሮፓፓ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ለቀቁት፤ ስሙንም ራዛ አሉት። ወጥመዱን ሁሉ እያመለጠ ከቆየ በኋላ ከደሴቲቱ ጠፋ። በኋላ ኦታታ በምትባል ደሴት ላይ የአይጥ ኩስ ተገኘ፤ በውስጡ ያለው ዲ ኤን ኤ ሲመረመር የራሱ የራዛ ሆነ፤ 400 ሜትር ባሕር በዋና ተሻግሯል። የተያዘው ከተለቀቀ ከ18 ሳምንት በኋላ፣ የፔንግዊን ሥጋ በተደረገበት ወጥመድ ነው። ናሙናው አስቀድሞ ባይወሰድ ኖሮ በኦታታ የተገኘው አይጥ ራዛ ነው ወይስ ሌላ የሚለው ክርክር ማለቂያ ባልነበረው።

ምርመራው ከዘመቻም በፊት ያገለግላል። በደቡብ አትላንቲክ በምትገኘው በደቡብ ጆርጂያ ደሴት፣ የባሕር እንስሳት አዳኞች መርከቦች ያመጡት ቡናማ አይጠ መጎጥ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ይኖር ነበር፤ ዳርቻው ግን እስከ ባሕር በሚወርድ የበረዶ ግግር የተከፋፈለ ነው። አይጥ በረዶውን ይሻገራል ወይስ አይሻገርም? በ2004 የታተመ ጥናት በበረዶ የተለያዩ የሁለት ሰፈር አይጦችን አነጻጽሮ ዘራቸው የተለያየ ሆኖ አገኘው፤ አይሻገሩም ማለት ነው። ስለዚህ ሰፊዋን ደሴት በአንድ ጊዜ ሳይሆን ክፍል በክፍል ማጽዳት ይቻላል ተባለ። ዘመቻውም ከ2011 እስከ 2015 በየተራ ተካሂዶ በ2018 ደሴቲቱ ከአይጥ ነጻ መሆኗ ተነገረ።

በሄንደርሰን ደሴት ግን ነገሩ እንዲህ አልሆነም። ሄንደርሰን በደቡብ ፓሲፊክ ከፒትኬርን ደሴቶች አንዷ ስትሆን ስፋቷ 43 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰው አይኖርባትም። በጥንት ዘመን ፖሊኔዥያውያን ኖረውባት ሄደዋል፤ ኪዮሬም የቀረው ከእነርሱ ነው። በዓለም ላይ በዚህች ደሴት ብቻ የሚፈለፈል ፔትረል የሚባል የባሕር ወፍ ዓይነት አለ፤ ጫጩቶቹን ከእንቁላል በወጡ በጥቂት ቀን ውስጥ አይጥ ይበላቸዋል። በነሐሴ ወር 2011 በሄሊኮፕተር መርዝ ያለበት ምግብ በደሴቲቱ ላይ ሁሉ ተበተነ፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠር አይጥ አለቀ። ከሰባት ወር በኋላ፣ በመጋቢት 2012፣ አንድ አይጥ ታየ። ከዚያ በኋላ ቁጥራቸው ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

እንግዲህ ያ አይጥ ከየት መጣ? ሦስት መልስ ሊኖር ይችላል፤ ለሦስቱም መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። በመርከብ ወይም በጀልባ አዲስ ገብቶ ከሆነ ጥፋቱ የመርዙ ሳይሆን የጥበቃው ነው፤ ደግሞ መርዝ መርጨት ሳይሆን የሚመጡትን ጀልባዎች መፈተሽ ያስፈልጋል። መርዙን የሚቋቋም ዘር ተገኝቶ ከሆነ መርዙ መለወጥ አለበት። መርዙ የሚገድለው ሆኖ ሳለ ሳይበላው የተረፈ ካለ ደግሞ አበታተኑና ጊዜው ሊታረም ይገባል። ቀደም ብለን እንዳልነው ባዶ ደሴት እንግዳን የሚከለክል የለውምና የመጀመሪያው ግምት ቀላል ግምት አልነበረም። ደሴቲቱን እንደገና ለማጽዳት የሚወጣው ገንዘብ፣ ከዚያም በላይ የወፏ ዕድል፣ በዚህ መልስ ላይ የተመሠረተ ነበር።

በ2016 የታተመው ጥናት መልሱን ሰጠ። ከዘመቻው በፊት የተያዙትን የሄንደርሰን አይጦች፣ በኋላ የተያዙትንና በሌሎች የፓሲፊክ ደሴቶች የሚኖሩትን አነጻጽሮ አዲስ የገባ አለመኖሩን አረጋገጠ፤ የኋለኞቹ የፊተኞቹ ልጆች ናቸው። ለመርዙም የመቋቋም ምልክት አልተገኘባቸውም። ስለዚህ ተራፊዎች ናቸው። ከዚህም አልፎ ስንት እንደ ተረፉ ለማስላት ተቻለ። ስሌቱን በዚያው በሰርገኛው ጤፍ እናስረዳ። ከኩንታሉ ቆንጥረን የወሰድናትን ዘርተን፣ ደግመንም ዘርተን ኩንታሉን መልሰን ብንሞላ የነጩና የቀዩ መጠን ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይሆንም። ቁንጥሯ ትንሽ ከነበረች ልዩነቱ ሰፊ ይሆናል፤ እፍኝ ሙሉ ከነበረች ልዩነቱ ጠባብ ነው። ከልዩነቱ ስፋት ተነሥተን የቁንጥሯን መጠን መገመት እንችላለን። በሄንደርሰን አይጦች ላይም በ18 የዘር ነጥቦች እንዲህ ተደርጎ ሲሰላ የተዋለዱት ተራፊዎች ሃምሳ ገደማ፣ በነፍስ ወከፍ ቢቆጠሩ ደግሞ ከ60 እስከ 80 እንደ ነበሩ ተገኘ። በ43 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሰማንያ የማይሞላ አይጥ! ያልተሳካ ዘመቻ ለመሳካት ምን ያህል ቀርቶት እንደ ነበር በቁጥር ሲታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ይህ ስሌት ሊሠራ የቻለው መርዙ ከመበተኑ በፊት የአይጦች ሥጋ ናሙና ተወስዶ ስለተቀመጠ ነው። በዚያን ጊዜ ዘመቻው ይሳካል ተብሎ ሲታሰብ የሚጠፋን አይጥ ናሙና ማስቀመጥ ለአንዳንድ ሰው ከንቱ ድካም ሊመስል ይችል ነበር። የሚያስፈልገው ግን ብዙ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ አይጥ የጅራት ወይም የጆሮ ጫፍ፣ አልኮል ያለበት ትንሽ ጠርሙስ፣ በጠርሙሱም ላይ አይጡ የተያዘበት ቦታና ቀን።